ደጃፍ ላይ የታጠበ እግር

ሕመሜ የጀመረው ባለመታመም ነው።

ዐቢይ ጾም ሊያልቅ የተቃረበበት ሰሞን ነበር። ባለቤቴ ደምሴ ከሽንኩርት ማሳው ተመልሶ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። እኔ ከተጋባን ጀምሮ እንደማደርገው ሳፋውን አቅርቤ፣ ቁጢጥ ብዬ እግሩን አጥባለሁ። ጨርሼ ውሃውን ልደፋ ብድግ ስል ሲሚንቶው ላይ ደም አየሁ። ምን እንደወጋው ጠየቅሁት። ምንም አለኝ። አላመንኩትም፤ ደምሴ መጥረቢያ ቢያርፍበት እንኳን ምንም ነው የሚለው። እግሩን መልሼ አንስቼ ተረከዙን ገለበጥኩ፣ በጣቶቹ መሃል ፈለግሁ። የተሰነጠቀም የተጫረም የለም። እየደበቀኝ መስሎኝ ተቆጣሁ። እሱ ግን ወለሉን ሲያይ ቆየና ረጋ ብሎ ተናገረ።

«አስካለ፣ ደሙ ያለው አንቺ የነበርሽበት ላይ ነው።»

ተቀምጬ ግራ እግሬን ለማንሳት ታገልኩ። ሰውነቴ ከበድ ያለ ስለሆነ ውስጥ እግሬን ካየሁት ዘመን አልፎ ነበር። ደምሴ አነሳልኝ። ከትንሿ ጣቴ ሥር ቆዳው ተገሽልጦ ቀዩ ሥጋ ይታያል። በጣቱ ጫን አለው። አላመመኝም። ደገመው። አሁንም አላመመኝም። ሁለታችንም ደስ አለን። ካላመመ ቀላል ነው ተባባልን።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያች ንግግር ስል ነው። ካላመመ ቀላል አይደለም። ቁስል አይታችሁ ካልተሰማችሁ፣ የዚያኑ ቀን ተነሥታችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

አስካለ እባላለሁ። የምንኖረው ሸዋ ሮቢት ዳር፣ ወደ ገጠሩ መውጫ ላይ ነው። ደምሴ በመስኖ ሽንኩርት ያመርታል፣ በክረምት ማሾ ይዘራል፤ ገበያ የማወጣው እኔ ነኝ። አፌ ፈጣን ነው ይሉኛል፣ እውነት ነው። የምጽፈው ስኳር ላለባችሁ ሁሉ ቢሆንም በተለይ ለሴቶች ነው። በእኛ አገር የወንድ እግር በየማታው ይታጠባል፣ ይዳሰሳል፣ ይታያል። የሴቷን እግር ግን ማንም አያየውም። እኔ የደምሴን ተረከዝ ስንጥቅ ሁሉ በቃሌ አውቃለሁ፤ የራሴን ግን ደም እስኪያሳብቅብኝ ድረስ አላወቅሁትም።

ሬት ቀባሁበት፣ በጨርቅ ጠቀለልኩትና ሥራዬን ቀጠልኩ። ሕማማት ነበር፤ ሰገድኩ። ሽንኩርቱ ደርሶ ነበር፤ ማሳ ለማሳ ዋልኩ። ፋሲካ አለፈ። አንድ ቀን ቤቱ ሸተተኝ። አይጥ የሞተ መስሎኝ አልጋ ሥር ገብቼ ፈለግሁ። አይጥ አልነበረም።

ትኩሳት ያዘኝ። ውሃ ጠማኝ። ጠጥቼ አልረካም። ዐይኔ ጭጋግ ለበሰ። ደምሴ ባጃጅ ጠርቶ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ሮቢት ላይ ትኩሳት ማለት ወባ ነው፤ እኔም የምጠብቀው የወባ መድኃኒት ነበር። ነርሷ ጨርቁን ስትፈታ ፊቷን አዞረች። ጣቴን ወጋችና ደሙን በትንሿ መሣሪያ ለካች። መሣሪያዋ ቁጥር አላወጣችም። «ሃይ» ብላ ጻፈች። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቅ፣ ስኳሬ መሣሪያዋ ልትቆጥረው ከምትችለው በላይ መሆኑን ነገረችኝ። ስኳር እንዳለብኝ የሰማሁት ያኔ ነው። ለስንት ዘመን ይዞኝ እንደኖረ የሚያውቅ የለም።

ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የላኩኝ አምቡላንስ በደብረ ሲና በኩል ጣርማበርን ሲወጣ የደጋው ብርድ ገባ። ጉልበቴን በረደኝ። ከቁርጭምጭሚቴ በታች ግን ምንም አልተሰማኝም። ያን ጊዜ ፈራሁ።

ደብረ ብርሃን የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። እግሬን አገላብጣ አየችና ቁስሉ የቃጠሎ መሆኑን ተናገረች። የት እንደተቃጠልኩ ጠየቀችኝ። እሳት አጠገብ አልደረስኩም አልኳት። ፍም አልረገጥኩም፣ የፈላ ውሃም አልፈሰሰብኝም። እሷ ቃጠሎ ነው አለች፤ እኔ አይደለም አልኩ። ተከራከርን። በመጨረሻ ደምሴ ከጥግ ሆኖ አንዲት ቃል ተናገረ።

«ድንጋዩ ነው» አለ።

የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው። ጫማ የምናወልቀው ከውጭኛው በር ነው። በጾም ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ የቆላ ፀሐይ ያንን ድንጋይ ስታግለው ትውላለች። ሌላው ሰው ሲያቃጥለው እግሩን ያቀያይራል፣ ጥላ ይፈልጋል፣ የነጠላውን ጫፍ ይረግጣል። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ሴቶቹ ምነው እንዳንቺ ጸንተን በቆምን ሲሉኝ ጸጋ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። ለካ ጸጋ አይደለም፤ ሐኪሟ ስሙን ነገረችኝ፣ ዲያቤቲክ ኒውሮፓቲ። ስኳሩ የእግሬን ነርቭ ገድሎታል። እየተቃጠልኩ ቆሜያለሁ።

ለእግዚአብሔር ክብር ጫማ ማውለቅ ግዴታ መሆኑን አስረዳኋት። እሷም አንገቷ ላይ ማዕተብ ነበራት። ቀና ብላ አየችኝ።

«እናቴ፣ እግዚአብሔር ጫማዎን እንዲያወልቁ እንጂ እግርዎን እንዲያወልቁ አላዘዘም» አለችኝ።

ጋንግሪን ገብቷል፣ ሥጋው ሞቷል አለች። ሁለት ጣት ይቆረጣል። እምቢ ካልኩ እግሩ ይሄዳል። ሦስተኛ ነገር አለ ወይ አልኳት። የለም አለች። ከወገቤ በታች አደነዘዙኝ። ዐይኔን አልጨፈንኩም። ድምፁን ሰማሁ። ትንሿ ጣቴና ጎረቤቷ ሄዱ።

እዚያ አልጋ ላይ ከእግዚአብሔር ጋር ተጣላሁ። በሌላ ቦታ ብቃጠል ኖሮ ዝም እል ነበር፤ ግን በደጅህ ቆሜ፣ አንተን አክብሬ ነው የተቃጠልኩት አልኩት። አላፈርኩበትም፣ ዛሬም አላፍርበትም። ልጅ የሚጣላው የሚመለከተውን አባት ነው። ደግሞም መልስ ሳይሰጠኝ አልቀረም፤ አመጣጡ ግን እኔ በጠበቅሁት በኩል አልነበረም።

ልወጣ ስል ሐኪሟ ኢንሱሊን አወጋግ አስተማረችኝ። ቀጥላ እግሬን በየቀኑ የሚያይልኝ ማን እንደሆነ ጠየቀች። ማንም አልኳት። መስታወት መሬት ላይ አስቀምጬ እንዳይ መከረችኝ፤ ዐይኔ ግን ደክሟል፣ ከዚያ ርቀት አይለይልኝም። ሌላ ቁስል ሳይታይ ከቀረ በሚቀጥለው ከጉልበት በታች መቆረጥ ሊመጣ እንደሚችል ሳትደብቅ ነገረችኝ። ልጆቻችን አዲስ አበባ ናቸው። ጎረቤት ስንት ቀን ይለመናል እያልኩ ሳስብ ደምሴ ተናገረ።

«እኔ አያለሁ።»

ሐኪሟ በቃል አልለቀቀችውም። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ በገዛ እጁ አሠራችው። ለብ ያለ ውሃ እንጂ የሞቀ አይደለም። ሙቀቱንም የሚለካው የእሱ ክንድ እንጂ የእኔ እግር አይደለም። ውስጥ እግሩን፣ ተረከዙን፣ እያንዳንዱን የጣት መሃል ማየት አለበት። በእጁ ጀርባ እየዳሰሰ አንዱ ቦታ ከሌላው ይሞቅ እንደሆነ ማስተዋል አለበት። በጣቶቹ መሃል ውሃ ቀርቶ እንዳይረጥብ ማድረቅ አለበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ በቀን ብርሃን ይሁን አለችው፤ በእኛ ቆዳ ላይ መቅላት ቶሎ አይታይም፣ ትንሽ ጠቆር ማለት ብቻ ነው የሚታየው።

ቤት ገባን። የመጀመሪያው ቀን ሳፋውን ይዞ ሲመጣ እግሬን ወደ ኋላ ሳብኩ። ይህን ለሚያነቡ ሴቶች በግልጽ ልናገር፤ ከመቆረጡ ይልቅ ይህ ከበደኝ። ማገልገል አውቅበታለሁ። ቤት ሙሉ እንግዳ ስጡኝ፣ አላፍርም። መገልገል ግን ሰውነቴን አሳከከኝ። ባልን የመሰለ ሰው እግሬ ሥር አይንበረከክም፣ ተወኝ አልኩት። ለብዙ ቀን እንዲህ ተጓተትን፤ እሱ ሳፋውን ያቀርባል፣ እኔ ምክንያት አበዛለሁ። ደምሴ ብዙ ቃል የለውም። አንድ ቀን ግን በርጩማዬ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ስንጋባ ቆርበን አይደለም ወይ? አንድ አካል ናችሁ አይደለም ወይ የተባልነው? ታዲያ ይሄ እግር የኔም ነው። የራሴን እግር አትከልክዪኝ» አለኝ።

እግሬን ሰጠሁት። ሲያጥበው አልተሰማኝም፤ ማየት ብቻ ነው የቻልኩት። አለቀስኩ። ሲጨርስ ሳፋውን አለቅልቄ ውሃ ቀየርኩና የሱን እግር አጠብኩ። ሰው ወሬ ሲያወራ ይህችን ይረሳታል፤ የሱን እግር ማጠብ አንድም ቀን አልተውኩም።

አሁን ወሬው ጋ ደረስን። ቤታችን እንደ ማንኛውም የቆላ ቤት ሙቀት እንዳይገባው መስኮቱ ጠባብ ነው፤ መብራትም ይመጣል ይሄዳል። ውስጥ እግር የሚታይበት ብርሃን ያለው ደጃፉ ላይ ብቻ ነው፤ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል በሩን ሙሉ ትገባለች። ደምሴ ከማሳ የሚመለሰውም በዚያው ሰዓት ነው። ስለዚህ በርጩማዬን ደፉ ላይ እናደርጋለን፣ እሱ ከፊቴ ይንበረከካል። ከደጃፋችን ደግሞ የገበያ መንገድ ያልፋል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ዘሃራ ነበረችኝ። ዘሃራ ጎረቤቴ ናት፣ ገበያ ላይም ጎን ለጎን እንሸጣለን። አስካለ ባሏን አስነክታዋለች፣ መስተፋቅር አብልታዋለች የሚባለውን ሁሉ ሳትቀንስ ታመጣልኛለች። እሷ ራሷ ነገሩ አልገባትም ነበር። «እኔ ለሶላት ውዱእ ሳደርግ እግሬን በቀን አምስት ጊዜ አጥበዋለሁ፤ እናንተ በቀን አንዴ ብትታጠቡ ነው አገር የሚናጋው?» ትላለች። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አንዱ ቀልደኛ ለደምሴ የእጅ ማስታጠቢያውን ሰጠውና ሰው ሳቀ። ደምሴ ተቀብሎ ድንኳኑን ከዳር እስከ ዳር አስታጠበው። ቀልደኛውንም አስታጠበው። ሳቁ መሃል ላይ ቆመ፤ ግን ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ጌታነህም እዚያ ተቀምጠው ነበር።

ጋሼ ጌታነህ ደምሴን ያሳደጉ ናቸው፤ አባታቸው የሞተው እሱ ሕፃን ሳለ ነው። ደምሴ እሳቸው ባለፉ ቁጥር ከተቀመጠበት ይነሣል፤ ከጀመረው ጉርሻ ላይ ሲነሣ አይቻለሁ። ከለቅሶው በኋላ የነፍስ አባታችንን መምሬ ክንፈን ይዘው መጡ። ያቀረብኩትን ሳይቀምሱ ተናገሩ፤ ወንድማቸው መሳቂያ መሆኑን፣ ሚስት ለባሏ ትገዛ ተብሎ መጻፉን፣ የዚህ ቤት ግን የተገለበጠ መሆኑን። መምሬ ክንፈ ጠብ የማይወዱ ደግ ሰው ናቸው። ማጠቡ ጽድቅ ነው፣ ይጠብላት፤ ግን በሩን ዘግታችሁ ጓዳ አድርጉት፣ ሰው አታሰናክሉ ብለው ፈረዱ። ለሁሉም ሰው የሚበቃ ፍርድ ይመስል ነበር።

እግሬ ነው የሚፈረድበት፤ ዝም አላልኩም። ጓዳው ጨለማ መሆኑን፣ ሐኪሟ የቀን ብርሃን ማለቷን ተናገርኩ። ጋሼ ጌታነህ ሴት በሽማግሌ መሃል አትገባም አሉ። ደምሴን አየሁት። አቀርቅሮ ነበር።

«ይሁን፣ ጋሼ» አለ።

ሲሄዱ ተነሣሁበት። ማንን ነው የፈራኸው አልኩት። ጋሼን አለኝ፤ አልዋሸም። በሞባይሌ ባትሪ አያለሁ፣ ለኔ ስትዪ እንሞክረው ብሎ ለመነኝ። እሺ አልኩት። እሱ ለእግሬ እንደተገዛልኝ እኔም ለፍርሃቱ ተገዛሁለት። መገዛት የሚበላሸው እንዲህ ነው። ሁለታችንም ተገዝተናል፣ ግን የተገዛነው ለሰው አፍ ነበር። እግዚአብሔርን ፈርታችሁ አንዳችሁ ለአንዳችሁ ተገዙ ነው የተባለው፤ የመጀመሪያዋን ቃል አውጥተን ጣልናት።

በሩ ተዘጋ። ደምሴ ባትሪውን በጥርሱ ይዞ ያጥበኝ ነበር። መንደሩ ዝም አለ። ጋሼ ጌታነህም መጥተው በሉ።

አንድ እሑድ ደጃፍ ላይ እግሬን ዘርግቼ ማሾ ስለቅም ዘሃራ መጣች። ሰላምታዋን ሳትጨርስ ቆመች።

«አዑዙ ቢላህ! አስካለ፣ ውስጥ እግርሽ ምነው ጠቆረ?»

ደምሴን ጠራሁት። ተንበረከከ። የእጁን ጀርባ አስነካው። ይግላል። ከአውራ ጣቴ ሥር አንዲት ኩርንችት የጫማዬን ሶል በስታ ገብታለች። ዙሪያው አብጧል። ደምሴ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ትናንት አይቼው ነበር። ጥላ መሰለኝ» አለ።

ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። አላጽናናሁትም። ጊዜ አልነበረም።

ያንኑ መንገድ ወጣን። ያቺው ሐኪም ነበረች። አብሰስ ነው፣ ውስጡ መግል ቋጥሯል አለች። ቀደደችው። መግሉ ወጣ። ኤክስሬይ ተነሣሁ። ጠበቅን። ደምሴ እጄን ይዞ ነበር፣ ማን እንደሚያየን አላየም። ተመልሳ መጣች።

«አጥንት አልነካም። ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ግን ከጉልበት በታች ነበር» አለች።

ደምሴ በሩን ዘግተን ነበር አላት። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም። እኔ ግን ገብቶኛል፤ ከዚያ በኋላ ስለ በር አልተነጋገርንም።

ከሆስፒታል በተመለስን ማግሥት፣ የገበያ ቀን ነበር፣ ደምሴ በርጩማዬን ደፉ ላይ አኖረው። ሳፋውን አመጣ። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ሰው እየተመለሰ ነው፤ በአህያው፣ በባጃጁ፣ በእግሩ። ፋሻውን ፈታ፣ እግሬን በእጁ ያዘ። ያን ጊዜ ጋሼ ጌታነህ ከመታጠፊያው ብቅ አሉ። ደምሴ ሊነሣ ነው አልኩ፤ ዕድሜውን ሙሉ ተነሥቷልና። እሳቸውም የሚነሣ መስሏቸው ቆሙ። ደምሴ ቀና አለ፣ በተንበረከከበት አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ። አልነሣም፣ የአስካለ እግር በእጄ ነው» አላቸው።

ጋሼ ጌታነህ ጥቂት ቆመው አዩን፤ ከዚያ መንገዱን ተሻግረው በወዲያኛው ጠርዝ አለፉ። ደምሴ ማጠቡን ቀጠለ። እጁ ቀዝቅዞ እንደነበረ ኋላ ነገረኝ፤ እኔማ በምን ይሰማኛል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ማገገም ረጅም ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ግን ከሕይወቴ ሁሉ ያማረው ጊዜ ነው፤ ቁስሉ ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ እያለ ሲሞላ ደምሴ በየቀኑ እያየ ይነግረኝ ነበር፣ እኔም እሱ ማሳው ላይ ሽንኩርቱ እንዴት እንደያዘ ሲነግረኝ እንደምሰማው እሰማው ነበር፣ ዛሬ ጠርዙ ነጣ፣ ዛሬ ጠበበ፣ ዛሬ ቆዳ ያዘ ይለኛል። ብዙ ቃል ያልነበረው ሰው በእግሬ ምክንያት ወሬኛ ሆነ። ስለ ልጅነቱ፣ ስለ አባቱ፣ ጋሼ ጌታነህን ስለ መውደዱና ስለ መፍራቱ፣ አብረን ስንኖር ያልነገረኝን ሁሉ እግሬን ይዞ ነገረኝ። እኔም ተራዬ ሲደርስ የሱን እግር ይዤ አወራሁ። ማን ይቅደም የሚል ሥርዓት የለንም፤ በዚያ ቀን ይበልጥ የደከመው ይቀድማል።

ቤተ ክርስቲያን መሳም አልተውኩም፤ ተዪ የሚሉኝ ነበሩ፣ ማንም ከዚያ ደጅ አያስቀረኝም። ከውጭኛው በር ጫማዬን አውልቃለሁ፣ ወፍራም ካልሲ አደርጋለሁ፣ ደምሴ በብብቱ ይዞ የመጣውን ሰሌን ጥላ ውስጥ ያነጥፍልኛል፣ እዚያ ላይ ቆሜ አስቀድሳለሁ። መጀመሪያ እመቤት ሆነች፣ ምንጣፍ ተነጠፈላት ተብሎ ተንሾካሾኩብኝ። አሁን ሰሌን ይዘው የሚመጡ ሌሎችም አሉ፤ ማን ስኳር እንዳለበት፣ ማን ድንጋዩ እንዳቃጠለው አልጠይቅም።

የዘንድሮ ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ። በዚያ ቀን ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን እያሰቡ ካህናት የምእመናንን እግር ያጥባሉ፤ ውሃው ውስጥ የወይንና የወይራ ቅጠል አለ። ከተቆረጥኩ በኋላ ባለፈው ዓመት አፍሬ ኋላ ተደብቄ ነበር። ዘንድሮ ከፊት ተቀመጥኩ፣ ካልሲዬን አወለቅሁ። መምሬ ክንፈ ዝቅ ብለው እየመጡ፣ አንድ አንድ ጊዜ ውሃ እያፈሰሱ ሲያልፉ እኔ ጋ ደረሱ። ቀኙን ብሰጣቸው ያልፍ ነበር። ግራውን ዘረጋሁ።

ሁለቱ ጣቶች የነበሩበትን አዩ። ውሃ አፍስሰው አላለፉም። እግሬን በሁለት እጃቸው አነሡና ከደጅ ወደሚገባው ብርሃን አዞሩት። ውስጥ እግሬን አዩ፣ በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱ፣ የቀሩትን ሦስት ጣቶች መሃል አንድ በአንድ አደረቁ። ደምሴ ሲያደርግ ስንት ጊዜ ከመንገድ እንዳዩት እንጃ፣ አንዲት ነገር አልዘለሉም። ቀና ሳይሉ በቀስታ ተናገሩ።

«ደህና ነው። ማታ ደግሞ ደምሴ ደጃፉ ላይ ይየው» አሉ።

እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሟን፣ የጤና ጣቢያዋን ነርስ፣ ዐይኗን ያዋሰችኝን ዘሃራን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምሬ ክንፈንም፤ ሲፈርዱ ጎድተውኝ ነበር፣ ሲያጥቡ ክሰውኛል። ደምሴን ግን እዚህ አላመሰግነውም፤ አንድ አካል ራሱን አያመሰግንም።

ስኳር ላለባችሁ የምላችሁ ይህ ነው። ያላመመ ቁስል ያሳስባችሁ። በባዶ እግር አትሂዱ፤ ጫማችሁን ሳታራግፉ አታጥልቁ፣ ሶሉንም በእጃችሁ ዳስሱ። ውሃውን በእግራችሁ አትለኩ። ኢንሱሊናችሁንና ኪኒናችሁን ጾም ነው ብላችሁ ሐኪም ሳታማክሩና የነፍስ አባታችሁን ሳትጠይቁ አታቋርጡ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ ደግሞ አስታማሚውን የደበቀም ያው ነው እላለሁ። እግራችሁን የሚያይላችሁ ሰው ፈልጉና ስጡት። መስጠት ያሳፍራል፣ አውቃለሁ፤ እያፈራችሁ ስጡት።

ለባሎች ደግሞ፣ ሚስት ትገዛ የምትለዋን ለመጥቀስ አፋችሁን ስትከፍቱ ከሷ በፊት ያለችውን፣ አንዳችሁ ለአንዳችሁ ተገዙ የምትለዋን፣ አብራችሁ አንብቡ፤ እዚያ ላይ የተጠራው ሁሉም ሰው ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ የሚስታችሁን እግር አንሥታችሁ እዩ። አገር ቢስቅ ይሳቅ። እኛም ላይ ስቋል፤ እኔ ግን በሁለት እግሬ ገበያ እወጣለሁ።

ጋሼ ጌታነህ ዛሬም በወዲያኛው የመንገዱ ጠርዝ ነው የሚያልፉት። ይለፉ። ደምሴ በየቀኑ እንደተንበረከከ እጅ ይነሣቸዋል፤ ሰሞኑን እሳቸውም ባርኔጣቸውን ነካ ማድረግ ጀምረዋል። አሁን ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች፣ የደምሴ ድምፅ ከመታጠፊያው ይሰማል፤ ተነሥቼ በሩን ልክፈትለት።